ከጨረር በኋላ የመጣ ፈሳሽና ሽታ፦ ምን እናድርግ?

ጥያቄ (ሳቢያን፣ ድሬዳዋ)
ሰላም ለናንተ። ስለ ታላቅ እህቴ ነው የምጠይቀው። 41 ዓመቷ ነው። የማህፀን በር ካንሰር ተገኝቶባት አዲስ አበባ ጨረር ወሰደች፤ በሳምንት አንድ ቀን ደግሞ ኬሞ። ከጨረሰች አራት ወር ሆናት። ዕጢው ጠፍቷል ብለዋታል፣ ተመስገን ነው። አሁን ግን ግራጫ ፈሳሽ አለባት፤ የዓሣ ዓይነት ሽታ አለው። ድርቀትም አለ። ከባሏ ጋር መተኛት ትታለች። ሙቀታችንን ታውቁታላችሁ፣ በቀን ሦስቴ በሳሙና ትታጠባለች። ሽታው ባሰ እንጂ አልተወም። አንዷ ጎረቤት ሎሚ በውሃ ትላለች፣ ሌላዋ ጢስ ትግባ። ስትታከም ስለዚህ ማንም ያነሳላት የለም። ካንሰሩ ተመልሶ ይሆን?

የገንደ ቆሬዋ
ሎሚውን እንዳትነኩት! እኔ ሞክሬው እንደ ሚጥሚጣ ነው ያቃጠለኝ። ሁለት ቀን መቀመጥ አልቻልኩም።

አዋላጅ ነርስ፣ ሐረር
እህቴ፣ መጀመሪያ ሳሙናውን አስቁሚያት። የቆሸሸች ሆና አይደለም። በሴት ብልት ውስጥ ላክቶባሲለስ የሚባሉ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። የብልት ግድግዳ ሴሎች ስኳር ያጠራቅማሉ፤ ባክቴሪያዎቹ ያንን በልተው አሲድ ያወጣሉ። ሌላው ተህዋስ በዚያ አሲድ ይገታል። ስኳሩ እንዲጠራቀም የሚያዘው ኤስትሮጅን የሚባለው፣ ከእንቁላል ማምረቻ የሚወጣው የሴት ሆርሞን ነው። ዳሌ ላይ የወረደ ጨረር እንቁላል ማምረቻውን ያደርቀዋል፤ እህትሽ በ41 ዓመቷ ያረጠች ያህል ሆናለች ማለት ነው። ኤስትሮጅኑ ሲወርድ ስኳሩ አለቀ፣ ጠባቂዎቹ ተራቡ፣ ቦታውን ሌሎች ያዙት። ሳሙና የቀሩትንም ጠርጎ ያወጣል። ውጪውን ብቻ በንጹህ ውሃ ትታጠብ። ጢሱም ይቅር፤ ጨረር ያሳሳው ቆዳ ሙቀትና ጭስ አይችልም።

ተመልሶ ይሆን ላልሽው፣ ሳይታይ አዎም አይም አይባልም። ደም ካየች፣ ወይም ሽንት በብልቷ ከፈሰሰ፣ ቀጠሮ ሳትጠብቅ ትሂድ። ወንድ ሐኪም ካሳፈራት ሴት ትጠይቅ፤ ነውር የለውም።

የላብራቶሪ ባለሙያ
ሲስተር ጥሩ ብላለች። እኔ አንድ ልጨምር። አንዳንድ ቦታ በወረቀት አሲዱን ብቻ ለክተው መድኃኒት ይጽፋሉ። ልኬቱ ፒኤች ይባላል፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል አሲዱ ቀነሰ ማለት ነው። በጤነኛ ወጣት ሴት 4.5 እና ከዚያ በታች ነው፤ ከጨረር በኋላ ግን ኢንፌክሽን ሳይኖርም ቁጥሩ ከፍ ይላል። ስለዚህ ናሙናው በማይክሮስኮፕ ይታይ በሉ። ኢንፌክሽን ካለ ሴሎቹ ላይ ባክቴሪያ እንደ አሸዋ ተነስንሶ ጠርዛቸው ይደበዝዛል። አንዴ ያየው አይረሳውም። (እነዚህን የአሲድ ባክቴሪያዎች የገለጻቸው ጀርመናዊው ሐኪም ዶደርላይን ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1892። አዲስ ነገር አይደለም ለማለት ነው።)

የገንደ ቆሬዋ
እርጎ ማድረግስ?

አዋላጅ ነርስ፣ ሐረር
ትጠጣው እንጂ እዚያ አታድርገው። የእርጎው ባክቴሪያ የዚያ ቦታ ነዋሪ አይደለም፤ ገብቶ አይሰነብትም። ለድርቀቱ ሽታ የሌለው፣ ውሃ የበዛበት ማለስለሻ ፋርማሲ ይጠየቃል። ኤስትሮጅን ያለው ክሬምም አለ፤ እሱን ሐኪሟ ይወስን። ሌላ አንባቢ የጡት ካንሰር ካለባት ግን ካንሰር ሐኪሟን ሳትጠይቅ እንዳትነካው።

ጠያቂዋ
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ማክሰኞ ወሰድኳት። ሐኪሟ ሴት ነበረች፣ ደስ አላት። የማህፀን በሩን አይታ የሚያሰጋ ነገር አላገኘሁም አለች፤ የክትትል ቀጠሮዋን ግን እንዳትዘልል። በማይክሮስኮፕ የባክቴሪያ ኢንፌክሽን ነው ተባለ፤ ሜትሮኒዳዞል ለ7 ቀን፣ በቀን ሁለቴ። አፏን ብረት ብረት እያላት ነው። ዛሬ አራተኛ ቀኗ ነው፣ ሽታው ቀንሷል። አንድ ያልገባኝ፦ እንዳይጠብ ማስፊያ ያስፈልግሻል አሏት። ምንድን ነው?

አዋላጅ ነርስ፣ ሐረር
ብረቱ የመድኃኒቱ ጠባይ ነው፣ ሲያልቅ ይተዋል። አታቋርጠው። ማስፊያው ከፕላስቲክ ወይም ከሲሊኮን የተሠራ፣ ጣት የሚመስል ነገር ነው። ጨረር ግድግዳውን ያጣብቀዋል፤ ካልተያዘ በኋላ ምርመራውም ያስቸግራል። ማለስለሻ ቀብታ፣ በሳምንት ጥቂት ቀን፣ ለጥቂት ደቂቃ። ከትንሹ ትጀምር። መጀመሪያ ግን ይህ ኢንፌክሽን ይለቅ።