«አብሮ አደግ» ወይስ «ባልንጀራ»? የከዋክብት ልደትና የጥቁር ጉድጓድ እድገት ዝምድና የሚጠራበት ቃል

ጠያቂ፦

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። ስለ ጋላክሲዎች የሚያትት አንድ የአማርኛ ጽሑፍ ሳነብ «ጋላክሲውና በእምብርቱ ያለው ጥቁር ጉድጓድ አብሮ አደጎች ናቸው» የሚል ዓረፍተ ነገር አገኘሁ። አብሮ አደግ የምንለው በአንድ ሰፈርና በአንድ ዘመን ያደገውን ሰው ስለሆነ አገላለጹ ቢማርከኝም፣ ትርጉሙ ግን ሙሉ በሙሉ አልጠራልኝም። ጸሐፊው ሁለቱ እኩያ ናቸው ማለቱ ነው? አንዱ ሲያድግ ሌላውም በዚያው ልክ ያድጋል ማለቱ ነው? ወይስ አንዱ ሌላውን አሳድጎታል ማለቱ ነው? በአቅራቢያችን ባሉ ጋላክሲዎች የከዋክብት መወለድና የጥቁር ጉድጓድ ማደግ እንዴት እንደሚዛመዱ ከቃሉ ትርጉም ጋር አያይዛችሁ ብታስረዱኝ ታላቅ ውለታ ነው።

የመጀመሪያው መላሽ፦

«አብሮ አደግ» ቦታንና ዘመንን መጋራትን ይናገራል፤ ከዚያ አልፎ የሚናገረው ነገር የለም። አብሮ አደጎች የሥጋ ዘመድ እንዲሆኑ አይጠበቅም፣ ቁመታቸውም እኩል ላይሆን ይችላል፣ አንዳቸው የሌላቸው አሳዳጊ ናቸው ማለትም አይደለም። ጸሐፊው ቃሉን በዚህ ልኩ ከተጠቀመበት መልካም መርጧል እላለሁ፤ ምክንያቱም የሥነ ፈለክ ተመራማሪዎች በመጀመሪያ ያገኙት ማስረጃ ይህንኑ ያህል እንጂ ከዚህ የበለጠ የሚያስደፍር አልነበረም።

ማስረጃው የሚጀምረው ከሚዛን ነው። በአቅራቢያችን ባሉ ትልልቅ ጋላክሲዎች ሁሉ ማለት በሚቻል ደረጃ፣ እምብርታቸው ላይ ፀሐይን በሚሊዮን ወይም በቢሊዮን እጥፍ የሚበልጥ ክብደት ያለው ጥቁር ጉድጓድ ይገኛል። የእኛው የፍኖተ ሐሊብ ጥቁር ጉድጓድ ከ4 ሚሊዮን ፀሐዮች ጥቂት ከፍ የሚል ክብደት ሲኖረው፣ 55 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል ርቆ የሚገኘው የኤም 87 ጋላክሲ ጥቁር ጉድጓድ ደግሞ ወደ 6.5 ቢሊዮን ፀሐዮች ይመዝናል። እ.ኤ.አ. በ2019 ምስሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ለዓለም የታየው ጥቁር ጉድጓድ ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ሁለት የተመራማሪዎች ቡድኖች፣ ማለትም ላውራ ፌራሬሴና ዴቪድ ሜሪት በአንድ ወገን፣ ካርል ጌብሃርትና ባልደረቦቹ በሌላ ወገን፣ የጥቁር ጉድጓዱ ክብደት በጋላክሲው ማዕከላዊ ጉብታ (መሃሉ ላይ ከዋክብት ታጭቀው ባበጡበት ክፍል) ውስጥ ካሉት ከዋክብት የፍጥነት ስብጥር ጋር በጥብቅ እንደሚሄድ አሳዩ። በጉብታው ውስጥ ከዋክብቱ ፈጥነው በተንቀሳቀሱ ቁጥር ጥቁር ጉድጓዱ ከብዶ ይገኛል።

ይህ ግኝት ያስደነቀበት ምክንያት ሊጤን ይገባዋል። ፍጥነታቸው የተለካው ከዋክብት አብዛኞቹ ከጥቁር ጉድጓዱ እጅግ የራቁ በመሆናቸው የስበቱ ጉልበት አሁን በእነርሱ ላይ ይህ ነው የሚባል ተጽዕኖ የለውም። ክብደቱ ቢነጻጸርም ጥቁር ጉድጓዱ ከጉብታው ሺህ እጅ አንዱን ወይም ጥቂት እጆችን ብቻ ያክላል። ዛሬ አንዱ ሌላውን ሊያዝ የማይችል ከሆነ፣ ይህ መጣጣም የመጣው ካለፈው ታሪካቸው ነው ማለት ይሆናል። የታሪኩም ነገር ይህንኑ ይደግፋል፤ በጠፈር ሁሉ የከዋክብት ልደት የበረታበት ዘመንና ጥቁር ጉድጓዶች በብዛት ቁስ የሰበሰቡበት ዘመን አንድ ነው፣ እርሱም ከ10 ቢሊዮን ዓመት በፊት ገደማ ነበር። «አብሮ አደግ» ማለት ለዚህ ዓይነቱ ነገር በሚገባ የተሠራ ቃል ነው።

አንድ ጥንቃቄ ግን ልጨምር። አብሮ አደግነቱ ከማዕከላዊው ጉብታ ጋር እንጂ ከመላው ጋላክሲ ጋር አይደለም። ኤም 33 የሚባለው ጎረቤታችን በተዘረጋው ዲስኩ ላይ ከዋክብት በብዛት የሚወለዱበት ጋላክሲ ነው፤ ጉብታ የሚባል ነገር ግን የለውም ማለት ይቻላል፣ በእምብርቱም ላይ በጥንቃቄ ተፈልጎ ከጥቂት ሺህ ፀሐዮች የሚበልጥ ክብደት ያለው ጥቁር ጉድጓድ አልተገኘም።

ሌላ አባል፦

ቀዳሚው መላሽ ያብራሩት ሁሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን እርሳቸው የተናገሩት ስለተጠራቀመ ክብደት ነው። ጠያቂያችን የጠየቁት ደግሞ ስለ መወለድና ስለ ማደግ፣ ማለትም እየሆነ ስላለ ነገር ነው። እነዚህን ሁለቱን በአንድ ቃል መጥራት አንባቢን ያሳስታል ብዬ አምናለሁ።

ሁለት ጋላክሲዎችን እንመልከት። 12 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል ርቆ በሚገኘው ኤም 82 ውስጥ ከዋክብት ከፍኖተ ሐሊብ በአሥር እጥፍ ያህል በበለጠ ፍጥነት ይወለዳሉ፤ ሆኖም በእምብርቱ ላይ በግልጽ እየተመገበ ያለ ጥቁር ጉድጓድ አይታይም። ኤም 87 ደግሞ በተቃራኒው ያን የሚያህል ጥቁር ጉድጓድ ይዞ፣ ከእምብርቱም ጄት የሚባል ቀጭንና ፈጣን የቁስ ጅረት እየወነጨፈ፣ አዳዲስ ከዋክብትን ግን እምብዛም አያፈራም። እነዚህን ብቻ ያየ ሰው የዛሬው ልደትና የዛሬው እድገት ምንም አይተዋወቁም ቢል አይፈረድበትም።

ሦስተኛው ምሳሌ ግን ነገሩን ይለውጠዋል። ወደ 47 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ርቆ የሚገኘው ኤም 77፣ ካርል ሴይፈርት እ.ኤ.አ. በ1943 ባጠናቸውና ዛሬ በስሙ በሚጠሩት ጋላክሲዎች ወገን ነው። ጥቁር ጉድጓዱ በአቧራ ተሸፍኖ በኃይል ይመገባል፣ በዙሪያውም በጥቂት ሺህ የብርሃን ዓመታት ርቀት ላይ ከዋክብት ተጨናንቀው የሚወለዱበት ቀለበት አለ። የሴይፈርት ጋላክሲዎች ለጥያቄያችን ከሁሉ የሚሻሉት ሁለቱም ሥራዎች በአንድ ጊዜ ስለሚታዩባቸው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2012 አሌክሳንደር ዳያመንድ-ስታኒክና ጆርጅ ሪኬ በአቅራቢያችን ያሉትን የሴይፈርት ጋላክሲዎች በስፒትዘር የጠፈር ቴሌስኮፕ መረጃ መርምረዋል። የአለካኩን ዘዴ በቅርብ ማየት ይጠቅማል። የጥቁር ጉድጓዱን አመጋገብ ያወቁት ሦስት ኤሌክትሮኖቹን ካጣ ኦክስጅን በሚወጣ፣ የሞገድ ርዝመቱ 25.89 ማይክሮ ሜትር በሆነ የኢንፍራሬድ ብርሃን ነው፤ ኦክስጅንን እስከዚያ ድረስ ለማራቆት ተራ ወጣት ከዋክብት ከሚሰጡት የበረታ ጨረር ያስፈልጋል፣ ያም ጨረር የሚመጣው ወደ ጥቁር ጉድጓዱ እየተሽከረከረ ከሚወርደው የጋለ ጋዝ ነው። የከዋክብቱን ልደት ያወቁት ደግሞ ከጥላሸት ጋር በሚቀራረቡ የካርቦን ሞለኪውሎች ነው፤ የወጣት ከዋክብት አልትራቫዮሌት ብርሃን ሲያገኛቸው በ11.3 ማይክሮ ሜትር ላይ ያበራሉ። ኢንፍራሬድ አቧራን የማለፍ ችሎታው በዓይን ከሚታየው ብርሃን ስለሚሻል፣ እምብርቱ የተሸፈነበት ጋላክሲ እንኳ በዚህ መንገድ ሊነበብ ይችላል።

ውጤቱ የሚከተለው ነው። ከእምብርቱ በሦስት ሺህ የብርሃን ዓመት ራዲየስ ውስጥ የሚወለዱት ከዋክብት ብዛት ከጥቁር ጉድጓዱ አመጋገብ ጋር ተያይዞ ይወጣል፤ አመጋገቡ ሲበረታ ልደቱም አብሮ ይበረታል። ከዚያ ክልል ውጭ ያለው ልደት ግን ከጥቁር ጉድጓዱ ጋር ያለው ዝምድና ደካማ ነው፣ የጋላክሲው ልደት በሙሉ ሲደመር ደግሞ ዝምድናው ጨርሶ የጠፋ እስኪመስል ይደበዝዛል። ስለዚህ «በቅርብ ጋላክሲዎች ሁለቱ ይዛመዳሉ» ብሎ የሚጽፍ ሰው የጋላክሲው የትኛው ክፍል እንደሆነ ካልነገረን፣ እውነት የተናገረም የተሳሳተም ሊሆን ይችላል።

የዝምድናው ምክንያት ምግባቸው አንድ መሆኑ ነው፤ ኮከብም የሚሠራው፣ ጥቁር ጉድጓድም የሚፋፋው ከዚያው ከቀዘቀዘ ጋዝ ነው። ይህንን የሚናገር ቃል ደግሞ አማርኛ አለው፤ እርሱም «ባልንጀራ» ነው። ባለ እንጀራ፣ ማለትም እንጀራ ተጋሪ ከሚለው የመጣ እንደሆነ ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ባልንጀሮች አብረው ማደግ የለባቸውም፤ የሚያስተሳስራቸው የሚካፈሉት ማዕድ ነው። በጋላክሲው ጠርዝ ላይ የሚወለዱት ከዋክብት ከጥቁር ጉድጓዱ ማዕድ ስለማይቀርቡ ባልንጀሮቹ አይደሉም፤ በእምብርቱ ዙሪያ የሚወለዱት ግን ናቸው።

ማዕዱ አንድ ቢሆንም ድርሻው እኩል እንዳልሆነ መዘንጋት የለበትም። ጥቁር ጉድጓድ በዙሪያው ያለውን ሁሉ እየጠረገ የሚውጥ የሚመስላቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። ነገር ግን የሚሽከረከር ጋዝ ሽክርክሩን የሚቀንስለት ነገር ካላገኘ እዚያው እየዞረ ይኖራል እንጂ አይወድቅም፤ ከሦስት ሺህ የብርሃን ዓመት ርቀት ተነሥቶ እስከ ጥቁር ጉድጓዱ አፍ ለመድረስ ሽክርክሩን ከሞላ ጎደል በሙሉ ማጣት አለበት። በመንገዱ ላይ አብዛኛው ጋዝ ኮከብ ሆኖ ይቀራል። በፍኖተ ሐሊብ እምብርት ላይ ራሱ፣ ራይንሃርድ ጌንዘልና አንድሪያ ጌዝ እ.ኤ.አ. የ2020 የኖቤል ሽልማትን ባስገኘላቸው ምርምር ለብዙ ዓመታት በተከታተሉት ስፍራ፣ ከጥቁር ጉድጓዱ ከአንድ ሁለት የብርሃን ዓመት በማይበልጥ ርቀት ላይ ዕድሜያቸው ጥቂት ሚሊዮን ዓመት ብቻ የሆነ ግዙፍ ከዋክብት ይገኛሉ። ከእነዚህ ብዙዎቹ የተወለዱት እዚያ ድረስ ከወረደ ጋዝ እንደሆነ ይታመናል፤ እስከ ደጃፉ ደርሶ ሳይዋጥ ኮከብ የሆነ ጋዝ ነው ማለት ነው።

ጠያቂ፦

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ከዚህ የተረዳሁት «አብሮ አደግ» ለረጅሙ ታሪክ፣ «ባልንጀራ» ደግሞ አሁን ላለው አመጋገብ እንደሚስማማ ነው። ሁለት ነገር ቀረኝ። ማዕዱ አንድ ከሆነ ኤም 82 ለምን ከዋክብትን ብቻ ይመግባል? ደግሞስ «ጥቁር ጉድጓዱ ጋላክሲውን ገደለው» የሚል አገላለጽ በየቦታው አያለሁና፣ ባልንጀራ እንዴት ይገድላል?

ሌላ አባል፦

የኤም 82ን ነገር የጊዜ ልዩነት ሳይሆን አይቀርም የሚያስረዳው። የከዋክብት ልደት አንዴ ከበረታ በአሥርና በመቶ ሚሊዮን በሚቆጠሩ ዓመታት ውስጥ ምልክቱን ይተዋል፤ የጥቁር ጉድጓድ አመጋገብ ግን በዚያው ዘመን ውስጥ ብዙ ጊዜ ሊነድና ሊከስም ይችላል። ሃኒ ቫን አርከል የተባለች ኔዘርላንዳዊት መምህርት እ.ኤ.አ. በ2007 ያስተዋለችው፣ ዛሬም በስሟ የሚጠራው አረንጓዴ የጋዝ ደመና ለዚህ ምስክር ነው። ደመናው እጅግ በበረታ ጨረር እንደተመታ ሆኖ ያበራል፤ ጨረሩን ይሰጥ የነበረው የጎረቤቱ ጋላክሲ እምብርት ግን ደብዝዟል። እምብርቱ የከሰመው ባለፉት መቶ ሺህ ዓመታት ገደማ ውስጥ ሲሆን፣ ይህ በጋላክሲ ዕድሜ ዓይን ጨፍኖ የመግለጥ ያህል ነው። አንድ ጋላክሲ ባየንበት ቅጽበት ጥቁር ጉድጓዱ አለመመገቡ ባልንጀርነቱን አያፈርስም። በብዙ ጋላክሲዎች አማካይ ሲወሰድ ነው ዝምድናው የሚገለጠው፣ ለዚህም ነው ከአንድ ምሳሌ ተነሥቶ መደምደም የማይገባው።

የመጀመሪያው መላሽ፦

«ባልንጀራ»ን ተቀብያለሁ፤ ለአሁኑ አመጋገብ ከእኔ ቃል የተሻለ ነው። «ገደለው» ስለሚለው ግን ጠንከር ያለ አስተያየት አለኝ። ጥቁር ጉድጓድ ሲመገብ የሚያወጣው ኃይል ጋዙን ሊያሞቀውና ሊያባርረው ይችላል፤ የሞቀ ጋዝ ደግሞ ተሰብስቦ ኮከብ አይሆንም። 240 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል ርቆ በሚገኘው የፐርሲየስ የጋላክሲዎች ክምችት መሃል፣ ኤንጂሲ 1275 በተባለው ጋላክሲ ዙሪያ፣ የጥቁር ጉድጓዱ ጄቶች በሞቃቱ ጋዝ ውስጥ የነፉአቸው ሰፋፊ ክፍተቶች በቻንድራ የኤክስሬይ ቴሌስኮፕ ታይተዋል፤ ጋዙ ቀዝቅዞ በገፍ ወደ ከዋክብትነት እንዳይለወጥ የሚያግደውም ይኸው ጉልበት ነው ተብሎ ይታሰባል።

ይህንን ለመጥራት «ገደለ» አይሆንም፣ «አመከነ»ም ይከብዳል፤ ጋላክሲው ከዋክብቱ አሉ፣ ያበራሉም፤ አዲስ ጋዝ ቢደርሰው ወይም የሞቀው ቢቀዘቅዝ ልደቱ ሊመለስ ይችላል። «ነጠፈ» እንበል። ምንጭም ላምም ይነጥፋሉ፣ የነጠፈ ነገር ግን ሊመለስ እንደሚችል ቃሉ ራሱ ይይዛል። ስለዚህ «በጥቁር ጉድጓዱ የተነሣ የከዋክብቱ ልደት ነጠፈ» ብሎ መጻፍ ከመረጃው ጋር የሚሄድ አማርኛ ነው።

ወደ ጠያቂያችን የመጀመሪያ ጥያቄ፣ ማለትም አንዱ ሌላውን ያሳድግ እንደሆነ ስንመጣ፣ ይህም በጥቂት ቦታዎች ላይ በትክክል ይሆናል። 12 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል በሚርቀው በሴንታውረስ ኤ፣ ከእምብርቱ የሚወነጨፈው ጄት በጋላክሲው ዳርቻ ካለ ጋዝ ጋር በሚገናኝበት አቅጣጫ ወጣት ከዋክብት ተገኝተዋል፤ ጄቱ ጋዙን ጨምቆ ልደታቸውን እንዳስጀመረ ይገመታል። ለእነዚህ ከዋክብት «አሳደገ» ሳይሆን «አስወለደ» የሚለው ይስማማል፤ በዚያው ጋላክሲ እምብርት ዙሪያ ካሉት ጋር ግን ቃላችን «ባልንጀራ» ሆኖ ይቆያል።