«ለመዳን እንጂ ለመተኛት አይደለም»፦ የጽኑ ሕሙማን እንቅልፍ ክርክር

የአልጋ 4 ልጅ፦ ትናንት እዚሁ ገጽ ላይ አንዲት ነርስ «ጽኑ ሕሙማን ክፍል የሚገባው ለመዳን እንጂ ለመተኛት አይደለም» ብላ ጽፋ ሁሉም አጨበጨበላት። አባቴ እንዲህ ባለ ክፍል 11 ቀን ቆይቷል። የት እንደሆነ አልናገርም። መብራቱ ለአንድ ሌሊት እንኳ ጠፍቶ አያውቅም። ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ገላውን ያጥቡታል፣ 11 ሰዓት ላይ ደም ይቀዱታል፣ ሲነጋ «ለምን ይቃዣሉ?» ብለው እኛኑ ይጠይቁናል። ጭብጨባው ለዚህ ነበር?

የሌሊት ተረኛ፦ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ አልሰርዘውም። ቀን የሐኪሞች ዙር አለ፣ ራጅ አለ፣ ጠያቂ አለ፤ ገላ መቼ ይታጠብ? ደሙ በሌሊት የሚቀዳው ውጤቱ ለጧቱ ዙር እንዲደርስ ነው። በየሁለት ሰዓቱ የምናገላብጣቸውም የአልጋ ቁስል እንዳይወጣባቸው ነው። ቁስል ቢወጣባቸው ኖሮ ዛሬ የምትከሺን በእሱ ነበር።

ነገር ፈላጊ፦ ሲስተር፣ «አስተኝቶ ማከም» የሚለው ቃል ታዲያ ከየት መጣ?

የሌሊት ተረኛ፦ በቃል አትጫወት። እዚያ ላይ መተኛት ማለት አልጋ መያዝ ነው።

ነገር ፈላጊ፦ እንግዲያው ሰውየው አልጋ ያዙ እንጂ አልተኙም። ልጅቷም ያለችው ይህንኑ ነው።

ነጭ ጋውን፦ ስሜቱን ትተን ወደ ሕክምናው እንምለስ። በመተንፈሻ መሣሪያ ላይ ያለ ታማሚ ብዙ ጊዜ የሚያረጋጋ መድኃኒት ይሰጠዋል። ስለዚህ ተኝቷል። «እንቅልፍ ነሱት» የሚባለው አቤቱታ ለእሱ አይሠራም።

ሜሪላንድ፦ ዶክተር፣ ያን «ተኝቷል» ይመልሱልን። እዚህ አሜሪካ ጽኑ ሕክምና ውስጥ 14 ዓመት ሠርቻለሁ። ፕሮፖፎል በሚባለው የሚያረጋጋ መድኃኒት ዓይኑ የተከደነ ሰው ፈዘዘ እንጂ አልተኛም፤ ሕልም የሚታይበት የእንቅልፍ ክፍል በመድኃኒቱ ይታፈናል። የአሜሪካው የጽኑ ሕክምና ባለሙያዎች ማኅበር በ2018 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ባወጣው መመሪያ ፕሮፖፎልን ለማስተኛት ብላችሁ አትስጡ ይላል። የሌሊቱን ድምፅና ብርሃን ቀንሱ፣ የጆሮ መድፈኛና የዓይን መሸፈኛ ስጡ ይላል። እኛ ጋ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ መብራት ይደበዝዛል።

ነጭ ጋውን፦ መመሪያውን አንብቤዋለሁ። የጠቀሱት ሁሉ «እንዲህ ቢደረግ» የሚል ደካማ ምክር እንጂ ግዴታ አይደለም። ስለ እንቅልፍ ሆርሞኑ ሜላቶኒን ሲጠየቅማ ይሁንም አይሁንም ሳይል አልፎታል። እኔም «ተኝቷል» ያልኩት በተለመደው አነጋገር ነው።

ነገር ፈላጊ፦ ሲስተር በቃል አትጫወት አለችኝ፣ ዶክተሩ ደግሞ በተለመደው አነጋገር ነው አሉ። ይህች አንዲት ግስ ስንት ሰው አዳነች!

የሌሊት ተረኛ፦ «እኛ ጋ» ያልሽው ሜሪላንድ፣ እናንተ ጋ ለአንዲት ነርስ ስንት ታማሚ ነው? ትናንት ሌሊት ሁለት ነርሶች ለስድስት አልጋ ነበርን። ደብዛዛ መብራት ውስጥ የታማሚዬ ከንፈር ሲጠቁር በምን ልየው?

ሜሪላንድ፦ ኦክስጅኑን የሚለካው መሣሪያ ምን ሊሠራ ተሰካ?

የሌሊት ተረኛ፦ ጣት ሲቀዘቅዝ የሚዋሸው መሣሪያ? አመሰግናለሁ። መጥተሽ አንድ ሌሊት እደሪልኝ።

የአልጋ 4 ልጅ፦ እኔ ተጨማሪ ነርስ አምጡ አላልኩም። ጆሮው ሥር ሆናችሁ ስለ ደመወዝ አታውሩ ነው ያልኩት። የዓለም ጤና ድርጅት በ1999 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ባወጣው መመሪያ በታማሚ ክፍል ሌሊት ድምፁ ከ30 ዴሲቤል፣ ድንገተኛው ደግሞ ከ40 አይበልጥ ብሏል። የተረኞቹ ሳቅ ብቻውን ስንት ይሆን?

ነጭ ጋውን፦ 30 ዴሲቤል ሹክሹክታ ነው። የመሣሪያዎቹ ማራገቢያ ብቻውን ያልፈዋል። ቁጥሩን ያወጣው ሰው ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገብቶ አያውቅም።

ሜሪላንድ፦ እና አይቻልም ብለን 70 እናድርገው?

የአያት ልጅ፦ የሁላችሁም ችግር የፈረንጅ ሰዓት ነው። የእኛ ሰዓት ከንጋት ይቆጥራል፤ ሰውነትም ከንጋት ይቆጥራል። አያቶቻችን ይህንን ያለ ላቦራቶሪ ያውቁት ነበር። ለፈረንጆቹ ግን በራሳቸው አቆጣጠር በ2017 ኖቤል ተሰጣቸው።

ነጭ ጋውን፦ ኖቤሉ የተሰጠው የሰውነትን ሰዓት ስለሚያስኬዱት ዘረ መሎች ነው፤ በዝንብ ላይ። አያቴ ዝንብ ያባርሩ ነበር እንጂ አላጠኑም።

የአልጋ 4 ልጅ፦ ስለ ሰዓት ካነሣችሁማ ስሙኝ። ክፍሉ መስኮት የለውም፤ ሞኒተሩ ደግሞ በፈረንጅ ነው የሚቆጥረው። ሐኪሙ መጥቶ «አባባ፣ ስንት ሰዓት ነው?» አለው። አባቴ ቀና ብሎ ሞኒተሩ ላይ 4 የሚል አየ፤ «ከረፋዱ 4 ሰዓት» አለ። ለካ ሌሊት 10 ነው። «ግራ ተጋብቷል» ተብሎ ካርዱ ላይ ተጻፈ፤ ለዚያም መድኃኒት ታዘዘለት።

ሜሪላንድ፦ መብራት 24 ሰዓት፣ ምግቡ በቱቦ 24 ሰዓት። አእምሮው ይቅርና ቀንና ሌሊቱን በምግብ ሰዓት የሚለየው ጉበቱስ መቼ ሌሊት ይሁንለት?

የሌሊት ተረኛ፦ የሞኒተሩ ነገር እውነት ነው፣ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። የግድግዳ ሰዓት ጠይቀን ግን «ከበጀት ውጭ» ተብለናል። ይህንንም እኛው ላይ ጻፉብን።

ነጭ ጋውን፦ አንድ መልስ ብቻ አይቶ ተቃዣ የሚል ሐኪም የለም። ፈተናው ሌላም ጥያቄ አለው። ታሪኩን አሳጥረሽዋል።

የአልጋ 4 ልጅ፦ እሺ፣ እዚያ የነበሩት እርስዎ ነዎት። ከወጣ ሦስት ወሩ ነው፤ ዛሬም ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ብድግ ብሎ አልጋው ላይ ይቀመጣል። የሚያጥቡትን ነው የሚጠብቀው።

የአያት ልጅ፦ ይህ ጤና ነው እህቴ! የእኔም አባት ጽኑ ሕክምና ሳይገቡ በ10 ይነሣሉ፤ ኪዳን እንዳያመልጣቸው።

የአልጋ 4 ልጅ፦ አባቴ ሙስሊም ነው።

የአያት ልጅ፦ ያው፣ ለሱብሒ ነው ታዲያ።

የአልጋ 4 ልጅ፦ ሱብሒ በ11 ነው።