የእንግሊዝኛ ኮርስ ለምንድን ነው እንዲህ የተናቀው?

የመንዟ፦
ሰላም ናችሁ? ደብረ ብርሃን የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ሒሳብ ሲሆን የፊት ወንበር ለመያዝ እንጋፋለን። እንግሊዝኛ ሲሆን ግን ግማሹ ዶርም ይቀራል፣ የመጣውም ጋቢውን ደርቦ ከኋላ ተደርድሮ ስልኩን ሲነካካ ይቆይና አቴንዳንስ ከተጠራ በኋላ አንድ በአንድ ሹልክ ነው። «ኮመን ኮርስ አይደል እንዴ፣ ሃንድአውቷን በዋዜማው ቸክለሽ ኤ ታመጫለሽ» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፣ ያመጣሉ። ግን እነዚሁ ልጆች የሳይኮሎጂ ሞጁል አንድ ገጽ አንብቡ ሲባሉ የአማርኛ ማጠቃለያ ፍለጋ ቴሌግራም ላይ ነው የሚሯሯጡት። ባለፈው አንዷ ልጅ ፕረዘንቴሽን ስታቀርብ መሐል ላይ ቃል ጠፋት፣ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ወዲህ እኔም አፌን ዘግቼ ነው የምቀመጠው። እናንተ ጋም እንዲህ ነው? ምን ይሻላል?

ሮቤ፦
እህቴ፣ ንቀቱ የሚያስከፍለው በኋላ ነው። የመውጫ ፈተና በ2015 ሲጀመር የመጀመሪያዎቹ ተፈታኞች እኛ ነበርን። አካውንቲንግ ነው ያጠናሁት። ስሌቱን በአማርኛ ብትጠይቂኝ ከእንቅልፌ ቀስቅሰሽም እሠራልሻለሁ። ጥያቄው ግን ረጅም ታሪክ ሆኖ ይመጣል፣ ፋብሪካው ይህን ገዛ፣ ያን ሸጠ፣ ይህ ሲቀነስ ያ ሳይጨመር እያለ ይሄዳል፣ እኔ ምን እንደተጠየቅኩ ለማወቅ ሦስቴ ሳነብ ሰዓቱ ይበራል። ማለፊያዋን 50 በመቶ ለጥቂት ነው የነካኋት። እንግሊዝኛ ኮርስ ላይ ግን ኤ ነበረኝ! አሁን ሥራ ፍለጋ ላይ ነኝ፣ ኢንተርቪው ሲባል ሆዴ ይንቦጫቦጫል።

አንኮበር ማዶ፦
ተማሪውን ብቻ አትውቀሱ ባካችሁ። እኛ ገጠር የተማርን ልጆች ትምህርቱን ሁሉ በአማርኛ ለምደን፣ 9ኛ ክፍል ስንገባ ባዮሎጂውም ታሪኩም በአንዴ እንግሊዝኛ ሆነ። ከ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ጀምሮ ሁለተኛ ደረጃ እንዲህ ነው። መምህሩም ቢጨንቃቸው ኖቱን በእንግሊዝኛ ያስጽፉንና በአማርኛ ያስረዱናል። እኛም ሸምድደን እናልፋለን። አራት ዓመት ሙሉ እንዲህ ለምዶ የመጣ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ በአንድ ኮርስ ምን ይለወጣል? የአዲስ አበባ የግል ትምህርት ቤት ልጆች እየተንበለበሉ ሲያወሩ አጠገባቸው ተቀምጦ እጅ ማውጣት ደግሞ ሌላ ፈተና ነው። ልጁ ኮርሱን የናቀ ይመስላችኋል እንጂ ፈርቶት ነው።

ቀልደኛው፦
ዶርም ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ተናገሩና እዩት። «ፈረንጁ መጣ» ይባላል። እስክትመረቁ አይለቃችሁም 😂

አስተማሪ ነኝ፦
የመንዟ፣ ጥሩ ጥያቄ አንስተሻል። ይህንኑ ኮርስ አስተምራለሁ። አንድ ነገር በግልጽ ልንገራችሁ። ክፍሌ ውስጥ 60 ተማሪ አለ። እያንዳንዱን አምስት ደቂቃ አናግሬ ማርክ ልስጥ ብል አምስት ሰዓት ይፈጃል። ስለዚህ ኮርሱ መናገርና ማዳመጥ አለበት ቢባልም ፈተናው ዞሮ ዞሮ ምርጫ ላይ ይወድቃል፣ ቴንስ፣ ክፍት ቦታ ሙላ፣ አለቀ። ተማሪ ደግሞ ሞኝ አይደለም፣ የሚያጠናው የሚፈተንበትን ነው። የግሩፕ አሳይመንቱን ተዉት፣ አንዱ ይሠራል፣ ሌላው ስሙን ያስጽፋል። አንድም ቀን ሳይናገሩበት ከዚያ ክፍል ቋንቋ መጠበቅ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው።

እኔ የያዝኩት ዘዴ አለ። ክፍለ ጊዜው ሲጀምር ሁሉም ከጎኑ ካለው ልጅ ጋር ያወራል። ማንም አይነሳም፣ ማንም ፊት አይወጣም። ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለሚንጫጫ የሚስቅ የለም። ርዕሱም ቀላል ነው፣ የካፌው ሽሮ፣ የደብረ ብርሃን ብርድ፣ ኳስ። ጠዋት ጠዋት ብርድ ላይ ብዙ ነው የሚወራው። ሌላው፣ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የእንግሊዝኛ ማሻሻያ ማዕከል አላቸው፣ ባዶውን ነው የሚውለው። እናንተ ጋ ካለ ጠይቂ።

ሮቤ፦
መምህር፣ በእኛ ጊዜ እንደ እርስዎ ያለ ቢገጥመን ምን ነበረበት!

የመንዟ፦
መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ። ማዕከሉን ነገ እጠይቃለሁ። ግን የኔ መምህር እንደ እርስዎ ጥንድ ጥንድ ካላደረጉን ክፍል ውስጥ ብቻዬን ልጀምር አልችልም። ለጊዜው ከዶርሜ ልጅ ጋር የሳይኮሎጂውን ሞጁል ማታ ማታ አንድ ገጽ እያነበብን በእንግሊዝኛ ልናወራበት አስበናል። እሺ ብላለች፣ በሩ ተቆልፎ ከሆነ ነው ያለችው።