የፒስታ መንገድ አቧራን ስለመለካት የቀረበ የእርዳታ ጥያቄ

በሰሜን ሸዋ በአንድ የገጠር ፒስታ መንገድ ላይ ተሽከርካሪዎች የሚያስነሱትን አቧራ ለመመረቂያ ጽሑፌ እየለካሁ ሳለሁ መላው ስለጠፋኝ፣ በዚህ ሥራ ልምድ ያላችሁ እንድትረዱኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

የምጠቀመው ብናኝ ብርሃንን ሲበትን አይቶ መጠኑን የሚገምት ርካሽ መሣሪያ ሲሆን፣ ነፋሱ ወደሚሄድበት በኩል ከመንገዱ በ5 እና በ20 ሜትር ርቀት፣ ነፋሱ ከሚመጣበት በኩል ደግሞ አንድ ተክያለሁ። ችግሩ፣ ሲኖትራክ አልፎ ከኋላው ያለው ባጃጅ እስከማይታይ ድረስ አቧራው ሲቦንን፣ የሚነበበው ቁጥር እምብዛም አለመጨመሩ ነው። በመንገዱ ዳር ያለው የባሕር ዛፍ ቅጠል ግን ከመንጣቱ የተነሣ በጣት ሲነካ ምልክት ይቀርበታል።

እንዲህ ያለው መሣሪያ ስፋቱ ከ2.5 እስከ 10 ማይክሮሜትር (የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ) የሆነውን ሻካራ፣ ማለትም ተለቅ ያለውን ብናኝ አሳንሶ እንደሚቆጥር ስለተረዳሁ፣ አቧራውን በማጣሪያ ወረቀት ሰብስቤ ወደ መመዘን ዞርሁ። ነገር ግን ከሦስቱ ወረቀቶች አንዱ አቧራ ከያዘ በኋላ ከቀድሞ ክብደቱ ቀንሶ ተገኘ፤ ወረቀት ከአየር እርጥበት ስለሚስብ፣ መጀመሪያ ሳላደርቅ መመዘኔ ያመጣው ይመስለኛል።

ወረቀቱን ከሚዛን በፊት ስንት ሰዓት፣ በምን ዓይነት ዕቃ ውስጥ ማቆየት ይገባል? የመሣሪያውን ንባብስ በወረቀቱ ክብደት ማረም ይቻላል ወይስ የተሰበሰበውን መረጃ ሁሉ ልተወው? በመንገዱ ዳር የሚኖሩ እናቶች የሊጥ ዕቃቸውን በላስቲክ ሸፍነው ሲውሉ ስለማይ፣ የተሳሳተ ቁጥር ይዤ መቅረብ አልፈልግም፤ የበልግ ዝናብ መንገዱን ከማርጠቡ በፊት ልኬቱን መድገም ስላለብኝም ምላሻችሁን በጉጉት እጠብቃለሁ።