የገበጣችን ድምፅ፦ ለጠቅላላ ስብሰባ የምናቀርበው ዕቅድ

የድምፅ ክፍል፣ አዲስ አበባ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለጠቅላላ ስብሰባው የምናስገባውን ዕቅድ እዚሁ አብረን እንጻፈው። ጉዳዩን ታውቁታላችሁ፤ በኮምፒውተር የምንሠራው የገበጣ ጨዋታችን ድምፅ ተበላሽቷል። አንድ ጠጠር ጉድጓድ ውስጥ ሲወድቅ ጥርት ብሎ ይሰማል። ተጫዋቹ እፍኝ ሙሉ አንስቶ መዝራት ሲጀምር ግን ይሻክራል፣ ይሰነጠቃል። ከበሮው ሲጨመርበት ጆሮ ያማል። ገበጣ ተጫውቶ ያደገ ሰው ያቺን የጠጠር ድምፅ ያውቃታል። እሷን አበላሽተን ጨዋታውን ለሰው መስጠት የለብንም።

የኔ ሐሳብ፦ ራሳችን የጻፍነውን ሚክሰር (ድምፆችን ደምሮ አንድ የሚያደርገውን ኮድ) ትተን ሌሎች የጻፉትን ዝግጁ የድምፅ ላይብረሪ እናስገባ። ለዚህ ሦስት ሳምንት እንጠይቅ።

ባህር ዳር፦
ሐሳብህን ከመደገፌ በፊት አንድ ነገር ልበል። እኔ ጋ አይሰነጠቅም፤ ይቆራረጣል። ጠቅ ጠቅ ይላል። ላፕቶፔ አሮጌ ነው። አዲስ ዜማ ሊጀምር ሲል ደግሞ ይብሳል። እርግጠኛ ነህ ሁላችን ጋ ያለው አንድ ብልሽት ነው?

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ፦
የኔም ሌላ ነው። ክራሩ ቀጥኖና ፈጥኖ ነው የሚሰማኝ። ጋሼ፣ ሲቀርጹት በየትኛው ቅኝት ነበር? የላክሁልዎትንስ ሰሙት?

ጋሼ (ክራርና ከበሮውን የቀረጹልን)፦
በትዝታ ነው ልጄ። ሰማሁት። ቅኝቱ አልፈረሰም፤ ሁሉም ክር እኩል ከፍ ብሏል። ከግማሽ ድምፅ ይበልጣል፣ ሙሉ ድምፅ ግን አይሞላም። እኔ እንደዚያ አልቃኘሁትም።

የድምፅ ክፍል፣ አዲስ አበባ፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የእርስዎ ጆሮ መንገዱን አሳየኝ። ፋይሎቻችን በሰከንድ 44100 ሳምፕል ናቸው፤ ሳምፕል ማለት በአንድ ቅጽበት የተለካ የሞገዱ ቁመት ነው። ኮዳችን ኤስዲኤልን (ከድምፅ መሣሪያው ጋር የሚያገናኘንን ላይብረሪ) 44100 ብሎ ይጠይቃል። ግን መሣሪያው ሌላ ቁጥር መምረጥ እንዲችል ፈቅደንለታል። የሲልቨር ስፕሪንጉ ላፕቶፕ 48000 ብሎ ነው የመለሰው። እኛ ደግሞ መልሱን ሳናይ 44100 እንደሆነ አድርገን ቀጠልን። ስለዚህ ዜማው ወደ 9 በመቶ ይፈጥናል። ከፍታውም ጋሼ እንዳሉት በግማሽና በሙሉ ድምፅ መካከል ይወጣል። ለውጥ ካልፈቀድን ኤስዲኤል ራሱ ያስማማዋል። የአንድ መስመር ሥራ ነው።

ሐዋሳ (ተማሪ፣ አዲስ አባል)፦
ይቅርታ፣ አዲስ ብሆንም ሐሳብ ልስጥ። ሚክሰራችን ወደ ድምፅ ካርዱ የሚልከውን ሁሉ ዌቭ በሚባል የድምፅ ፋይል ላይ ብናስቀምጠውስ? ከዚያ ፋይሉን በሌላ ማጫወቻ እንስማው። ፋይሉ ውስጥም የሚሰነጠቅ ከሆነ ጥፋቱ የስሌታችን ነው። ፋይሉ ንጹህ ሆኖ ስፒከሩ ላይ ብቻ ከተቆራረጠ ግን ከሚክሰሩ በኋላ ነው መፈለግ ያለብን፤ ባፈሩ (ድምፁ ከመሰማቱ በፊት የሚጠራቀምበት ቦታ) ወይም መሣሪያው ጋ።

ባህር ዳር፦
እህቴ፣ ከዕቅዱ በፊት መሠራት ያለበት ይሄ ነው። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፦ ኮልባኩ (መሣሪያው ድምፅ ሲፈልግ የሚጠራው ኮዳችን) ውስጥ ሆነን ዲስክ ላይ አንጻፍ፤ ራሱ ድምፁን ያቆራርጠዋል። 30 ሰከንድ ሜሞሪ ላይ እንያዝ። ስቴሪዮ ሆኖ በ16 ቢት 5 ሜጋባይት ገደማ ነው። ጨዋታው ሲዘጋ ፋይል ይሁን። ዛሬ ማታ እሠራዋለሁ።

ባህር ዳር፦
ሠራሁት። እኔ ጋ ስጫወት እየተቆራረጠ ነበር፤ ፋይሉ ግን ንጹህ ነው። ኮዱን ሳየው ኮልባኩ አዲስ ዜማ ሲመጣ ከዲስክ ያነባል። ባፈራችን 256 ሳምፕል ነው፤ ይህ 6 ሚሊሰከንድ እንኳ አይሞላም። በዚያ ጊዜ ውስጥ አሮጌ ዲስክ አያደርስም። ባፈሩ 4096 ይሁን።

የድምፅ ክፍል፣ አዲስ አበባ፦
4096 ላይ አልስማማም ወንድሜ። 93 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። ጠጠሩ ወድቆ ካየነው በኋላ ነው ድምፁ የሚመጣው። ለገበጣ ይሄ ትልቅ ነገር ነው፤ እጅና ጆሮ አብረው መሄድ አለባቸው። ዲስክ ማንበቡን ከኮልባኩ እናውጣው። ባፈሩ 1024 ይሁን፣ 23 ሚሊሰከንድ ገደማ። ማሽኑ ደካማ ለሆነ ሰው 2048 የሚል ምርጫ እንስጥ።

የኔን ፋይልም ሰማሁት። ፋይሉ ውስጥም ይሰነጠቃል። ስለዚህ ጥፋቱ የስሌታችን ነው። ባለ 16 ቢት ሳምፕል ከ-32768 እስከ 32767 ብቻ ነው የሚይዘው። 20000 ላይ 20000 ስንደምር 40000 ይሆናል። ቦታ ስለማይበቃው ዞሮ -25536 ሆኖ ይቀመጣል። ሞገዱ ከጫፍ ወደ ጫፍ በአንዴ ይዘላል፤ የምንሰማው ስንጥቅ እሱ ነው። በአንድ ፍሬም (ስክሪኑ አንዴ በሚታደስበት ቅጽበት) ሁለት ጠጠር ከወደቀ ደግሞ ያው ፋይል ሁለቴ ይጀምራል፤ ሞገዱ ልክ እጥፍ ይሆናል። ለዚህ ነው ሲዘራ ብቻ የሚብሰው።

ላይብረሪ ይቀየር ያልሁትን አንስቻለሁ። ሦስት የተለያዩ ብልሽቶችን በአንድ ስም ጠርቼ ነበር።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
አንድ ነገር ልጨምር። ትናንት በብሉቱዝ ሄድፎን እየሰማሁ ለእህቴ ስደውል የጨዋታው ድምፅ ታፈነ። ሄድፎኑ ማይኩ ሲከፈት ወደ ስልክ ንግግር ጥራት ስለሚወርድ ነው። የኛ ኮድ አይደለም። ፈታኞች ሁሉ የገመድ ሄድፎን ይጠቀሙ የሚል ይግባ።

ሐዋሳ፦
የከበሮውን ፋይሎችስ ሞገዱን በሚያሳየው የድምፅ ማረሚያ፣ በአውዳሲቲ ያያቸው አለ? እኔ ሁለቱን ከፈትኋቸው። የሞገዱ ጫፍ እንደ ጠረጴዛ ጠፍጣፋ ነው። ሲቀረጽ ነው የተቆረጠው። ይሄንን ኮድ አያስተካክለውም።

ጋሼ፦
እውነቷን ነው። ማይኩን ከበሮው አፍ ላይ ነው ያስጠጋነው። ከበሮ ከርቀት ነው የሚያምረው። እንደገና እመታዋለሁ።

ገንዘብ ያዥ፦
ታዲያ ስብሰባው ላይ ስንት ብር ልጠይቅ?

የድምፅ ክፍል፣ አዲስ አበባ፦
ለጊዜው ምንም። የገመድ ሄድፎን ሁላችንም አለን። የምንጠይቀው ጊዜ ነው። ረቂቁ ይሄ ነው፣ አስተካክሉት፦

«የድምፅ ክፍሉ ሁለት ሳምንት ይሰጠው። በመጀመሪያው ሳምንት ሚክሰሩ ድምፆችን በ32 ቢት ይደምር፤ ድምሩን ቀንሶ፣ ከወሰን ያለፈውን ገድቦ ወደ 16 ቢት ይመልስ። አንድ ፋይል በአንድ ፍሬም ሁለቴ አይጀመር። የሳምፕል ቁጥሩ መሣሪያው ከመለሰው ጋር ይመሳከር። ዲስክ ማንበብ ከኮልባኩ ይውጣ። የከበሮው ድምፅ በድጋሚ ይቀረጽ። በሁለተኛው ሳምንት ሦስት ከተማ ያሉ አባላት በየማሽናቸው በገመድ ሄድፎን ይፈትሹ፤ እያንዳንዱም የ30 ሰከንዱን ፋይል ይላክ።»

ባህር ዳር፦
እስማማለሁ። ፍተሻው በ440 ሄርዝ ንጹህ ድምፅ ይጀመር በሉበት። ክራርና ከበሮ ተደባልቆ ሲሻክር ከየት እንደመጣ መለየት ያስቸግራል። አንድ ቀጥ ያለ ድምፅ ላይ ግን ትንሿ ስንጥቅ እንኳ ትሰማለች።

የድምፅ ክፍል፣ አዲስ አበባ፦
ጨመርሁት። «ሦስት ከተማ» ያልሁትንም «አራት» አድርጌዋለሁ፤ ሐዋሳ ትግባ።

ጋሼ፦
ቅዳሜ ከሰዓት ከበሮውን ይዤ እመጣለሁ። ማይኩን ሁለት ክንድ አርቀህ ትከልልኝ።