ይግባኝ አሸንፌ የጠበቃና የዳኝነት ወጪዬን የት ላቅርብ?

ሰላም ወገኖቼ፣ ህግ የምታውቁ እስቲ እርዱኝ። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው፣ ቤቱን ጅፕሰምና ሴራሚክ የሰራልኝ ሰውዬ ስራውን ሳይጨርስ ቀሪ ክፍያ ብሎ ከሰሰኝና መጀመሪያ ተፈረደብኝ፣ ይግባኝ ብዬ ግን ፍርዱ ተሻረልኝ እግዚአብሔር ይመስገን። ሁለት አመት ሙሉ በየቀጠሮው ከስራ እየቀረሁ ሁለት ታክሲ እየቀያየርኩ ተመላልሻለሁ፣ ድካሙስ ይቅር፣ ብሩ ግን የልጆቼ ነው።

ፍርዱ ላይ "የወጪና ኪሳራ ዝርዝር የማቅረብ መብቷ ተጠብቋል" ይላል። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 462 እና 463 መሰረት ነው አሉኝ። ዝርዝሩን አዘጋጅቼ ይግባኝ ሰሚው ሬጅስትራር ጋ ስሄድ የስር ፍርድ ቤቱን (መጀመሪያ የፈረደብኝን) ወጪ እዛው ጠይቂ አሉኝ፣ እዛ ስሄድ ደግሞ የእኛ ፍርድ ተሽሯል፣ መብቱን የጠበቀልሽ ፍርድ ቤት ጋ ሂጂ ብለው መለሱኝ።

በእጄ ያለው የፍርዱ ግልባጭ፣ የይግባኝ የዳኝነት ደረሰኝ፣ የቴምብርና የኮፒ ደረሰኞች፣ ከጠበቃው ጋ የተፈራረምነው የ45,000 ብር ውል ነው። ውሉ የሁለቱንም ደረጃ አንድ ላይ ነው የሚለው፣ ደረሰኝ የሰጠኝ ግን የ20,000ውን ብቻ ነው፣ ቀሪውን በባንክ ነው ያስገባሁለት፣ ስቴትመንቱን አውጥቻለሁ። ጠበቃው አሁን ስልክ አያነሳም።

እንዲህ አይነት ነገር ያለፈበት ሰው ካለ፣ የሁለቱንም ደረጃ ወጪ በአንድ ዝርዝር አድርጌ ይግባኝ ሰሚው ጋ ነው የማቀርበው ወይስ ዝርዝሩን ለየብቻ ከፋፍዬ ሁለቱም ጋ?