ለትልቋ የሠራው መጽሐፍ ለትንሹ እምቢ አለ

ሰላም ለሁላችሁ። የምንኖረው ቨርጂኒያ ነው፤ ሁለት ልጆች ቤት እናስተምራለን። ትልቋ 11 ዓመቷ ነው፣ ትንሹ 7።

እሷ በእሱ ዕድሜ ሳለች የገዛናቸው የሒሳብ መጻሕፍት አሉን። ጠዋት ቁጭ ብላ ትሠራ ነበር፣ እስከ ምሳ ያልቃል። እሱ ግን አሥር ደቂቃ አይቀመጥም። በቃል ስጠይቀው መደመር መቀነሱን ቀልጠፍ አድርጎ ይመልሳል፤ ወረቀት ሲያይ ነው የሚጠፋው። ሰዓቱን ወደ ከሰዓት አዛወርን፣ በኢንተርኔት በነፃ በቪዲዮና በመልመጃ የሚያስተምረውን ካን አካዳሚንም ሞከርን። ቪዲዮውን ያያል፣ መልመጃው ጋ ሲደርስ ይነሳል። ፊደልን ግን ከአያቱ ጋር እየተጫወተ ያዘው፣ ያውም ማንም ሳይገፋው!

እሷም ዘንድሮ ወደ አልጀብራ እየገባች ስለሆነ ከጎኗ ሰው ትፈልጋለች። ባለቤቴ የማታ ሠራተኛ ነው፤ ጠዋት እኔ ብቻዬን ነኝ።

ቤት እንደምናስተምር ለአካባቢው የትምህርት ቤቶች አስተዳደር እስከ ኦገስት 15 የሚገባው ማሳወቂያ አያስጨንቀኝም፣ የትምህርት ዓይነቶቹን መዘርዘር ነው። የሚከብደኝ በሚቀጥለው ዓመት እስከ ኦገስት 1 የሚቀርበው የመሻሻል ማስረጃ ነው፤ ወይ የፈተና ውጤት፣ ወይ የገምጋሚ ደብዳቤ።

እንዲህ ያለ ልጅ ያላችሁ፣ መጽሐፉን ለአንድ ዓመት ትታችሁ ሒሳብን በቃልና በጨዋታ ካስተማራችሁ፣ ማስረጃውን በየትኛው መንገድ አቀረባችሁ?